ብጉሩን አጥፉት፣ ፊቷን ተዉላት!

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፊት ነው። ስለ ፍቅርም ትንሽ አለበት። ሁለቱን መለየት ስላቃተኝ አንድ ላይ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

እኔ የምሰራው ፎቶ ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ታክሲ ተራ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ የሰው ብጉር ሳጠፋና የሰው ጠባሳ ስሸፍን ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረው። እና አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ስሟንም ሰፈሯንም አልነግራችሁም። ዕድሜዋ ሃያ አራት፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ጠይም ናት፤ ዓይኗ ያምራል። ጉንጮቿ ላይ ብጉር አልፎ የተወው ጥቋቁር ነጠብጣብ አለ። አገጯ ላይ ደግሞ በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ ያተረፈቻት የሩዝ ፍሬ የምታክል ጠባሳ አለች።

መጀመሪያ የመጣች ዕለት ስልኳን ዘርግታ «ጋሼ፣ ይህቺን ጠባሳ ያጥፉልኝ፤ ፊቴንም ትንሽ ፈካ ያድርጉልኝ» አለችኝ። አደረግሁላት። ሥራዬ ነዋ! በወሩ ሌላ ፎቶ ይዛ መጣች። በሁለተኛው ወርም እንደዚያው። ፎቶዎቹ የሚላኩት ስዊድን አገር ለሚኖር አንድ አበሻ እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በስልክ ነው የተዋወቁት። በአካል ተያይተው አያውቁም።

ስምንተኛው ወር ላይ ዓይኗ አብጦ መጣች። «ምነው ልጄ?» አልኳት።

«ሊመጣ ነው ጋሼ። ለገና ይመጣል።»

«ታዲያ እንኳን ደስ ያለሽ!»

«ምኑ ደስ ይለኛል? እሱ የሚወዳት እርስዎ የሰሯትን ልጅ ነው እኮ!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የምመልሰው አጣሁ። ማታ ሱቁን ዘግቼ ስምንቱንም ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ በተርታ ከፈትኳቸው። አንደኛው ላይ ጠባሳዋ ብቻ ነው የጠፋችው። ሦስተኛው ላይ ነጠብጣቡ በሙሉ ሄዷል። አምስተኛው ላይ መልኳ ከጠይም ወደ ቀይ ተቀይሯል። ስምንተኛው ላይ ልጅቷ ጭራሽ የለችም። አንድ ጊዜ እንኳ «ይብቃ» ብዬ አላቆምኩም። በየወሩ ካለፈው ወር ጋር እያመሳሰልኩ ትንሽ ትንሽ ስጨምር ሰውየዋን በስምንት ወር ጨርሼ አጠፋኋት።

ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው። ዛሬ ሁላችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ፎቶ ቤት ይዛችሁ ነው የምትዞሩት። እኔ የሰራሁትን ጥፋት እናንተ በአንድ ጣት በሁለት ሰከንድ ትሰሩታላችሁ።

ድሮ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሪታች የሚያደርጉት በእርሳስ ነበር። አዎ፣ በእርሳስ! ጫፉ እንደ መርፌ በተቀረጸ እርሳስ ኔጌቲቩ ላይ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ኔጌቲቭ ላይ ሁሉ ነገር ግልብጥ ነው። ፊት ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ኔጌቲቩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ሆኖ ይታያል። ያቺን ክፍት ቦታ በእርሳስ ነካ ነካ ስታደርጋት ብርሃኑን ትጋርዳለች፤ ፎቶው ሲታጠብ ቦታዋ ፈካ ትላለች። ነጥቡ ጠፋ ማለት ነው። እጅ ከተንቀጠቀጠ ግን ፊቱ ላይ ነጭ ትል የመሰለ ነገር ይቀመጣል። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከነበሩት ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከልጆቻቸው ዘመን ጀምሮ በአገራችን ለስቱዲዮ ፎቶ የተከበረ ሙያ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ የዚያን ዘመን ፎቶ አንሺ ትዕግሥት ይገባዋል። መምህሬ አንድ አባባል ነበራቸው፦ «አንድ ፊት ላይ እርሳስህን ሁለት ጊዜ ከቀረጽክ ሰውየውን ገድለኸዋል።» ያኔ ዝም ብሎ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ፎቶሾፕ የሚባለው ፕሮግራም ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ለኛ ለሪታች ሰራተኞች ዓለም የተገለበጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ሰባተኛው እትም ነው፤ «ሂሊንግ ብራሽ» የምትባለዋ ብሩሽ ገባችበት። ብጉሩን ነካ ስታደርጋት ከጎን ያለውን ደህና ቆዳ አምጥታ፣ ከቦታው ቀለምና ብርሃን ጋር አስማምታ ትሸፍነዋለች። አንድ ሰዓት የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ሆነ። ችግሩም ከዚያው ጀመረ። ሥራው ሲቀልህ የት ላይ እንደምታቆም አታውቅም።

ታዲያ የት ላይ ነው የሚቆመው? እኛ ሙያ ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ፊት ላይ ያለውን ነገር አይተህ «ይህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይኖራል ወይ?» ብለህ ትጠይቃለህ። ትናንት የወጣ ብጉር አይኖርም፤ አጥፋው። ጢም ሲላጩ የተቆረጡት፣ የወባ ትንኝ የነከሰው፣ የደረቀ ከንፈር፣ ዓይን ጥግ ላይ የቀረ ኩል፣ ይሄ ሁሉ ይሂድ። ማርያም የሳመቻት ቦታ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላም እዚያው ናት። ጠባሳም፣ ንቅሳትም፣ ሲስቁ ጉንጭ ላይ የሚገባው መስመርም እንደዚያው። እነሱ የሰውየው መታወቂያ ናቸው። ባለቤቱ ካልጠየቀ አትንካቸው፤ ከጠየቀም አደብዝዛቸው እንጂ አትፋቃቸው። ማድያትና የብጉር ጠባሳ መሃል ላይ ናቸው። እነሱን እኔ ግማሽ በግማሽ ነው የማደርጋቸው። ሰውየው ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ፣ ጥሩ ብርሃን ላይ ቆሞ ቢታይ የሚመስለውን ያህል ማለቴ ነው።

ይህንን ልማድ በመከራ ነው የተማርኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት እናቷ ሞተውባት የእናቷን ፎቶ በፍላሽ ይዛ መጣች። ለአርባቸው በትልቁ እንዲታተም ነው። የድሮ ፎቶ ነው፤ ተጫጭሯል፣ ቢጫ ሆኗል። እኔም ሆዬ በትጋት ጭረቱን ሳጸዳ፣ ቆሻሻውን ስጠርግ፣ ግንባራቸው ላይ ያለውንም ጥቁር ምልክት ከቆሻሻው ቆጥሬ አብሬ ጠረግሁት። የመስቀል ንቅሳታቸው ነበር። ከአፋቸው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት መስመሮችም አለሰለስኳቸው። ልጅየዋ መጥታ ፎቶውን አየችው። ዝም አለች። በመጨረሻ «እማዬ የታለች?» አለችኝ።

መመለስ አልቻልኩም። ፋይሉን ከፍላሿ ላይ ከፍቼ እዚያው በላዩ ላይ ሴቭ አድርጌበታለሁ። ዋናው ፎቶ ጎንደር ያለው ወንድሟ ጋ ነው። እሱ በድጋሚ አንስቶ እስኪልክ አርባው ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ አየሁት፤ ግንባራቸው ባዶ ሆኖ እንግዳ ይቀበላሉ። የመጣው ዘመድ ሁሉ ፎቶውን ጠጋ ብሎ ያይና ፊቱን ዞር ያደርጋል። በኋላ በትክክለኛው ሰርቼ በነጻ ሰጠኋት። ግን አርባ ሁለት ጊዜ አይወጣም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው፦ ዋናውን ፎቶ ፈጽሞ አትንኩት። ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒው ላይ ሥሩ። ፎቶሾፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ባዶ ሌየር ከላይ ክፈቱ፤ ብሩሿ ከታች ካለው ፎቶ እንድትወስድ «ሳምፕል» የሚለውን «ከረንት ኤንድ ቢሎው» ላይ አድርጉት። የምትሰሩት ሁሉ ባዶዋ ሌየር ላይ ብቻ ይቀመጣል። ሲበዛባችሁ ኦፓሲቲውን ወደ ስድሳ፣ ሰባ በመቶ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፤ የተሸፈነው ቆዳ ከታች ትንሽ ብቅ ይላል፤ ፊቱም ነፍስ ይዘራል። እኔ ይህቺን ዘዴ ባውቃት ኖሮ... ተዉት በቃ።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ሪታች ከመጀመሩ በፊት ሥራው ግማሽ ማለቅ አለበት። ምክንያቱም የቆዳን ጉድለት የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ነው። እኩለ ቀን ላይ አስፋልት ዳር ቆማችሁ የተነሳችሁ እንደሆነ ፀሐይዋ ከአናት ትመጣና እያንዳንዷ እብጠት የራሷን ጥላ ትሰራለች። የስልክ ፍላሽም ያው ነው፤ ወዛም ግንባርን መስታወት ያስመስለዋል። መስኮት አጠገብ ቁሙ። ስስ መጋረጃ ካለው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ብርሃኑ ሰፋ ብሎ ይመጣና ቆዳውን ያለሰልሰዋል። ውጭ ከሆናችሁ የሕንጻ ጥላ ፈልጉ፤ ወይም አስራ አንድ ሰዓት አካባቢ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ተነሱ። ፊታችሁን በሶፍት ጫን ጫን አድርጉት፤ አትፈትጉት፣ ወዙን ብቻ ያንሳ። የስልኩን ሌንስም ጥረጉት እንጂ! ስንቱ ሰው የጣቱን ቅባት ሌንሱ ላይ ለጥፎ «ካሜራው ደበዘዘ» ይላል መሰላችሁ።

አንድ የኛ አገር ጣጣ ደግሞ አለ። ነጭ ልብስ። የአበሻ ቀሚስና ነጠላ ለብሳችሁ ስትነሱ ፊታችሁ የሚጠቁረው ለምን ይመስላችኋል? ካሜራው የሚያየው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ብዙ ነጭ ሲያይ «በዛ» ይልና ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጠላው ደህና ይወጣል፣ ፊት ግን ይጨልማል። ከዚያ ባለቤቷ «ጠቆርኩ!» ብላ ትጮሃለች፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ በሪታች ቀይ ያደርጋታል። መድኃኒቱ ሌላ ነው። ብዙ ስልኮች ላይ ፊቱን በጣት ነካ ስታደርጉት ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትወጣለች፤ እሷን ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ነው። ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ምንም አይደል፤ ሰው የሚያየው ፊትን ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ታሪክ ልንገራችሁ። የድሮ የቀለም ፊልም ጥቁር ቆዳን ጥሩ አድርጎ አያወጣም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መለኪያ ካርድ ነበረው፤ ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ናት። ካርዱ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ተባለ። የሁሉም ሰው ቆዳ በሷ ቆዳ ነበር የሚለካው። ኮዳክ ነገሩን ማስተካከል የጀመረው ጥቁር ሰዎች ስላማረሩ ብቻ አልነበረም። የቸኮላታቸውና የእንጨት ዕቃቸው ቡናማ ቀለም በማስታወቂያ ፎቶ ላይ በትክክል አልወጣ ያላቸው ነጋዴዎችም ስለጮሁ ነው ይባላል። ጉድ እኮ ነው! እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ጉግል የጠቆረ ቆዳን በትክክል ለማውጣት የተሰራ ነው ያለውን «ሪል ቶን» የተባለ ዘዴ ፒክስል ስልኮቹ ላይ ይዞ መጣ። ማሽኖቹ ወደኛ መልክ ሲመጡ እኛ ደግሞ በፊልተር ከመልካችን እየሸሸን ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሙሽራ አልበሟን ይዛልኝ መጣች። ሌላ ቦታ ነው የተሰራው። ፊቷ እንደ ወተት ነጥቷል፤ አንገቷ ጠይም፣ ቀለበት ያለበት እጇ ደግሞ ጠቆር ያለ ነው። ሂናዋ ሳይቀር ይታያል። ሦስት ሴቶች ተቆራርጠው የተሰፉ ነው የሚመስለው። አያቷ አልበሙን ሲያዩ «ሙሽራዋ መቼ ነው የምትመጣው?» ብለው ጠየቁ አለችኝ። አትሳቁ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። የሠርግ ቀን ተመልሶ አይመጣም። የቆዳን ቀለም መቀየር የሪታች ሥራ አይደለም። የአምፖሉ ብርሃን ቢጫ አድርጎት እንደሆነ ሙሉውን ፎቶ ዋይት ባላንስ አስተካክሉት፤ ነጩ ቀሚስ ነጭ ሲሆን ፊትም ወደ ራሱ ይመለሳል። ከዚህ አልፎ ፎቷቸውን አይተው «እንዲህ ልሁን» በማለት ወደ ማንጫ ክሬም የሄዱ ሁለት ልጆች አውቃለሁ። አንዳንዱ ክሬም ሜርኩሪ አለበት፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ፎቶ ቤት የጀመረ ነገር ሐኪም ቤት እንዳያልቅ።

ወደ አሠራሩ ልመለስ። ትልቁ ስህተት ማደብዘዝ ነው። ቆዳ ቀዳዳ አለው፣ ለስላሳ ፀጉር አለው፣ ጥቃቅን መስመር አለው። እሱን ሁሉ አደብዝዛችሁ ስታጠፉት የሚቀረው ላስቲክ ነው። የገበያ አሻንጉሊት! ቆዳውም በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አፍንጫ ላይ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ከዓይን ሥር ስስ ነው፣ ግንባር ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ የጉንጭን ብጉር በጉንጭ ቆዳ ነው የምትሸፍኑት፤ ያውም ብርሃኑ ከዚያው ወገን ካለ ቦታ ወስዳችሁ። ብሩሿ ከብጉሩ ትንሽ ብቻ ትስፋ። ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት ጨርሳችሁ ካነሳችሁት ዓይኑ ጭምብል ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ግማሹን ተዉት። ጥርስና የዓይን ነጭን እንደ ኖራ አታንጡ። በባለሙያዎች ዘንድ ቀለሙንና የቆዳውን ሸካራነት በሁለት ሌየር ለይቶ የሚሰራ «ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን» የሚሉት ዘዴ አለ። ሸካራነቱ ሳይነካ የተዥጎረጎረውን ቀለም ብቻ ታስተካክላላችሁ። ጥሩ ነው፤ ግን እጁ ያልበሰለ ሰው ሲይዘው ፊቱን እንደ ሸክላ ያደርገዋል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ስልክ ላይ ለምትሰሩ ስናፕሲድ የሚባለው አፕ በቂ ነው፤ «ሂሊንግ» የሚለውን ከፍታችሁ መጀመሪያ ፎቶውን አቅርቡ፣ ከዚያ አንድ አንዷን ነካ። ብዙ ስልኮች ደግሞ ሰልፊ ካሜራቸው ላይ «ቢዩቲ» የምትል ነገር አለች፤ ሳትጠየቅ ፊት ታለሰልሳለች። አጥፏት። መጀመሪያ እውነተኛው ፊት ይነሳ፤ ሌላው በኋላ ይደረስበታል። ስትሰሩም ፎቶውን አራት እጥፍ አጉልታችሁ አትፍጠጡበት። ማንም ሰው ፊታችሁን በማጉያ መነጽር አያይም። በልኩ አድርጋችሁ እዩት፣ ተነስታችሁ ውሃ ጠጡ፣ ተመልሳችሁ ከዋናው ጋር አስተያዩት። መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ቆዳው ላይ ከሆነ አብዝታችሁታል ማለት ነው።

ጭራሽ የማይነካ ፎቶም አለ። የቪዛና የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ! አሜሪካኖቹ ፎቶው በኮምፒውተርም፣ በስልክ አፕም፣ በፊልተርም፣ በኤአይም እንዳይቀየር በግልጽ ጽፈው አስቀምጠዋል። ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ የተነሳ ይሁን ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2016 ጀምሮ ለቪዛ ፎቶ መነጽርም ከልክለዋል። «ጋሼ፣ ለኤምባሲ ነው፣ አሳምሩኝ» የሚለኝ ወጣት ብዙ ነው። ወገኔ፣ ኤምባሲው የሚፈልገው አንተን እንጂ ቆንጆ አይደለም! ኖርዌይማ የባሰውን ነው ያደረገችው፤ ከጁላይ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰው አካል ወይም ቆዳ ሪታች የተደረገበት ማስታወቂያ ምልክት ካልተለጠፈበት ሕግ መጣስ ነው።

ልጅቷን የት አደረስካት ትሉኝ ይሆናል። በማግስቱ ጠራኋት። «እሺ ምን ይሁን?» ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ ስምንቱን ፎቶ በተርታ ከፈትኩላት። አንድ በአንድ አየቻቸው። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ በእጇ አፏን ያዘች።

መስኮቱ አጠገብ አቆምኳት። አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሦስት ጊዜ አነሳኋት፤ ሦስተኛው ላይ የሆነ ነገር አስቋት ነበር። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የዚያን ሳምንት ብጉር ነበረች፤ አጠፋኋት። ነጠብጣቡን በትንሹ አደበዘዝኩት። ጠባሳዋን «ምን ላድርጋት?» አልኳት። ብዙ አሰበች። «ትቀመጥ» አለች። ከሥሩም «እውነተኛዋ ይህቺ ናት፤ ካልወደድካት አትድከም» ብላ ጽፋ ላከችው። እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

አንድ ቀን መልስ የለም። ሁለት ቀን የለም። እኔ ራሴ ሥራ መሥራት አቃተኝ፤ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ እየሮጠች ገባች። ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

ሰውየው ፎቶ ልኮላታል። እስከዛሬ በላከው ፎቶ ሁሉ ኮፍያ አድርጎ ነበር ለካ፤ በረዶ አገር ነው ብላ አልጠረጠረችም። አሁን ኮፍያው የለም። ከግንባሩ እስከ አናቱ እንደ ሰፌድ የሚያበራ ራሰ በራ! ከሥሩ «ተረኛው እኔ ነኝ» ብሎ ጽፎበታል።

ሳቋን ማቆም አቅቷት ወንበሩ ላይ ተጣለች። ትንፋሿ ሲመለስላት፣

«ጋሼ፣ ፀጉር ይጨምሩለታል?» አለችኝ።

«አልጨምርም» አልኳት።